«የዶርሙ ፖሊስ ይሉኛል፤ ምን ይሻለኛል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አካባቢን በማይጎዳ መንገድ ለመኖር ወስኛለሁ። ፌስታል አልይዝም፤ ሦስት የጥጥ ቦርሳ ገዝቻለሁ። ሶኬት ላይ ተረስቶ የቀረ ቻርጀር ካየሁ እነቅላለሁ፤ የዶርም ጓደኞቼንም ጭምር። በሩ ላይ ማሳሰቢያ ለጥፌያለሁ። አሁን ሁሉም «የዶርሙ ፖሊስ» ይሉኛል። ቤት ስሄድ ደግሞ የፕላስቲክ ዕቃዎቹን አውጥቼ በብርጭቆ ልተካ ስል ከእናቴ ጋር ተጣላን። «ደህና ዕቃ ይጣላል እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። ግቢያችን ውስጥ ቆሻሻ የሚለይባቸው ሦስት ዓይነት ቅርጫቶች እንዲቀመጡ ለተማሪዎች ኅብረት ሐሳብ ላቀርብም አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ደክሞኛል። የማደርገው ነገር በእውነት ለውጥ ያመጣል? ወይስ ራሴንና ሰውን ነው የማስጨንቀው? የቀርከሃ የጥርስ ብሩሽም ገዝቻለሁ፤ እሱስ ጥሩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከእናትሽ ጋር ያጣላሽን ነገር ላስቀድም። እናትሽ ልክ ናቸው። ቅር ሊልሽ ይችላል፤ ግን የሚያገለግል ዕቃ አውጥቶ መጣል አካባቢን መጠበቅ አይደለም። የፕላስቲክ ዕቃው አንዴ ተመርቷል። ነዳጁም ኃይሉም ወጥቶበታል። ብትጥዪው ያ ሁሉ ባክኖ ይቀራል፤ ዕቃው ራሱ ግን የትም አይሄድም። በምትኩ የምትገዢው ብርጭቆም ከሰማይ አይወርድም። ከ1,400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት አሸዋ ቀልጦ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የእናትሽ ዕቃዎች እስኪሰነጠቁ ድረስ ያገልግሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ምግብ በፕላስቲክ ዕቃ አታሙቁ፤ የሚፋጅ ነገርም አትጨምሩበት። ለደረቅ ነገርና ለቀዘቀዘ ምግብ ምንም አይሉም። አንዱ ሲያልቅ ያኔ ብርጭቆ ትገዣላችሁ። እስከዚያው ይቅርታ ጠይቂያቸውና ታረቁ።

የቦርሳዎቹም ነገር ያው ነው። ጥጥ መሬት ይፈልጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ማዳበሪያ ይበላል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። በዚያ ስሌት አንድ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና አንዴ ተይዞ ከሚጣል ስስ ፌስታል እንዲያንስ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። ፌስታል ወንዝና ባሕር ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። አንቺ ግን ቦርሳ አለሽ፤ ያውም ሦስት። አራተኛ አትጨምሪ፣ ያሉትን ተልትለው እስኪያልቁ ያዢያቸው። አንዳንዱ ሰው ፕላስቲክ ለመሸሽ ብሎ ቤቱን በአዲስ ዕቃ ይሞላል። «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ ከምንም በፊት የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን አትርሺ።

አሁን ወደ ቻርጀሩ እንምጣ። ቁጥሩን አብረን እንየው። ስልክ ያልተሰካበት ቻርጀር ዓመቱን ሙሉ ሶኬት ላይ ቢውል ቢያድር የሚበላው ኤሌክትሪክ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስልክ በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ ደግሞ በዓመት ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ ነው። በሌላ በኩል የ10 ደቂቃ የሙቅ ውሃ ሻወር እንውሰድ። በደቂቃ ዘጠኝ ሊትር ቢወርድ 90 ሊትር ይሆናል። ይህን ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። አንዴ ገብተሽ የምትወጪበት ሻወር፣ ሥራ ፈቶ የተሰካ ቻርጀር በሁለት ዓመት ከሚበላው በላይ ይበላል ማለት ነው። ስልክሽን ከሦስት ወር በላይ ይሞላልሽ ነበር። የሰው ቻርጀር ስትነቅዪ መክረምሽ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በዚያ ላይ ጓደኛ አስቀይመሽበታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቤት ውስጥ ኃይል የሚጎርሰው የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። ውሃ ማሞቂያ፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ የክፍል ማሞቂያ፣ ኤሲ። ትንንሽ መብራት የሚያበራው ሁሉ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ነው የሚያናድደን። ቦይለሩ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝም ብሎ ይበላል።

ስለዚህ ከሻወር ጀምሪ፤ ከራስሽ ሻወር። ሳሙና ስትቀቢ ዝጊው። ከ10 ደቂቃ ወደ አምስት ከወረደ ውሃውም ኃይሉም በግማሽ ቀነሰ። ሻይ ስታፈዪ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የምትጠጪውን ያህል ብቻ ጨምሪ። አንድ ሊትር ውሃ ማፍላት 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለአንድ ኩባያ ብለሽ ሊትር ሙሉ ካፈላሽ ሦስት አራተኛው ባክኗል። ድስት ክደኚ፤ ሲፈላ እሳቱን ቀንሺ፤ የሚንተከተክ ውሃ ከሚፈላ ውሃ የበለጠ አይሞቅም። ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ። ማጠቢያ ማሽን ውሃ የሚያሞቅ ከሆነ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው የሚሄደው ለማሞቂያው ነው፤ ለማሽከርከሩ ጥቂት ነው የሚቀረው። ደግሞም አንዴ የተለበሰ ሱሪ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም።

አምፖልን በሁለት መስመር ልለፈው፣ ብዙ ተወርቶለታል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 90 በመቶ ያህሉን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ቤታችሁ አሁንም ካለ ኤልኢዲ ተኩበት፤ ቢያንስ በ75 በመቶ ያነሰ ኃይል ይወስዳል።

ምግብ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንዴ እንኳ አላነሳሽውም፤ ከፌስታሉም ከቻርጀሩም ደግሞ ይበልጣል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ዙሪያ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። 60 በመቶው የወጣው ከሆቴልና ከሱቅ አይደለም፣ ከመኖሪያ ቤት ነው። ምግብ ሲጣል የታረሰበት መሬት፣ የጠጣው ውሃ፣ የተጓጓዘበት ነዳጅ አብሮ ይጣላል። ነገሩ በዚያም አያበቃም። ምግብ ቆሻሻ ክምር ስር ገብቶ አየር ሲያጣ እየበሰበሰ ሜቴን ይሰጣል። ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ የሚያሞቅ ጋዝ ነው።

ቤት ስትሄጂ እንግዲህ ፕላስቲኩን ተዪውና ፍሪጁን ክፈቺ። ከኋላ በኩል እጅሽን ስደጂ። ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ የተከደነ ነገር አታጪም። ምግብ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ነው። ከእናትሽ ጋር ተመካክረሽ ዓይን ፊት ያለውን አንድ መደርደሪያ «መጀመሪያ የሚበላ» አድርጉት። ትናንት የተረፈው፣ ግማሹ የተቆረጠው፣ ነገ የማያድረው ሁሉ እዚያ ይሁን። በሚያሳይ ዕቃ ይቀመጥ። (ያ ልትጥዪው የነበረው ፕላስቲክ እዚህ ላይ ሥራ አገኘ!) የበሰለ ምግብ ሲተርፍ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ፤ በጥልቅ ድስት ሳይሆን በዝርግ ዕቃ፣ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ። ፍሪጁ ከአምስት ዲግሪ በላይ መሆን የለበትም። ቅጠላ ቅጠል ውሃው ጠፈፍ ካለ በኋላ በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ሙዝና ፖም ከቅጠሉ ይራቁ፤ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጡ አጠገባቸው ያለውን ቶሎ ያበስሉታል፣ ያጠወልጉታል። ዳቦ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ከውጭ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ብዙ ከሆነ ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፤ የምትፈልጉትን ያህል እያወጣችሁ ታሞቃላችሁ።

የታሸገ ምግብ ላይ ያለውን ቀንም በደንብ አንብቢ። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ጥራት ነው የሚያወራው። ብስኩቱ በማግስቱ መርዝ አይሆንም። «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ጤና ነው፤ በሱ አትጫወቺ።

ግቢ ካፌ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ወስደሽ መድገም ሳህን ሞልቶ ከማስተረፍ ይሻላል። መድገም የማይፈቀድ ከሆነ፣ ሲቀዱልሽ «ይብቃኝ» በያቸው። ሥጋም እንዲሁ፤ በተለይ የበሬ ሥጋ በኪሎ ሲሰላ የሚያስወጣው ጋዝ ከጥራጥሬ ጋር ጭራሽ አይወዳደርም። ተዪው አልልሽም። በሳምንት ጥቂት ቀን ጥራጥሬ ቢተካው ግን ከሦስቱ ቦርሳ በላይ ይሠራል።

ስልክና ላፕቶፕሽን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ አትቀይሪያቸው። አንድ ስማርት ስልክ በዕድሜው ዘመን ከሚያስከትለው የጋዝ ልቀት አብዛኛው ገና እጅሽ ሳይገባ፣ ሲመረት የወጣ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ባትሪው ሲደክም ስልኩን ሳይሆን ባትሪውን አስቀይሪ። ላፕቶፑን አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጪው፤ ሙቀት ባትሪ ይገላል። ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሞልቶ እንዲቀመጥም አያስፈልግም።

ወደ ዶርምሽ እንመለስ። ያንን ማሳሰቢያ ዛሬውኑ ንቀዪው። ምን ብሎ እንደተጻፈ አልነገርሽኝም፤ ግን «እባካችሁ» ብሎ የሚጀምርና በቃለ አጋኖ የሚያልቅ ይመስለኛል። ተቆጪ ወረቀት ማንም አያነብም፤ ቢያነብም እልህ ይይዘዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ሆቴል ውስጥ ይህንኑ ፈትኖ ነበር። አንዳንዱ ክፍል ውስጥ «አካባቢን ለመጠበቅ ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙ» የሚል ካርድ ተቀመጠ። ሌላው ክፍል ውስጥ «አብዛኞቹ እንግዶቻችን ፎጣቸውን ደግመው ይጠቀማሉ» የሚል። ሁለተኛው በለጠ። «በዚህ ክፍል ያረፉ አብዛኞቹ እንግዶች» ሲባል ደግሞ ከሁሉም በለጠ። ሰው የሚከተለው ስብከት ሳይሆን አጠገቡ ያለ ሰው የሚያደርገውን ነው። ስለዚህ ከአራቱ ሦስቱ መብራት የሚያጠፉ ከሆነ እሱን ተናገሪ፤ ስለማታጠፋዋ ዝም በይ።

ሌላም ልጨምርልሽ። አሜሪካ የሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ በ2005 እ.ኤ.አ. ዶርሞቹን ኤሌክትሪክ በመቆጠብ አወዳድሮ ነበር። ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ቁጥሩን እያዩ ነው የተወዳደሩት። በውድድሩ ጊዜ ፍጆታው በ32 በመቶ ቀነሰ። ማንም ማንንም አልተቆጣም፤ ቁጥሩን አሳዩዋቸው፣ በቃ። ሕንጻችሁ ቆጣሪ ካለው እናንተም ትችላላችሁ። በየሳምንቱ አንድ ቀን አንብባችሁ ደረጃው ሥር መጻፍ ነው። ከላይኛው ፎቅ ጋር መፎካከር ሲጀመር አንቺ ፖሊስ መሆንሽ ይቀራል፤ ቡድን መሪ ትሆኛለሽ።

አሁን እውነተኛ ሥራ ልስጥሽ። ይሄ ከቻርጀር መንቀል ጋር አንድ አይደለም። የዶርማችሁን ሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን አንሺ። በብዙዎቹ ታች መሃል ላይ አንድ የጎማ ክዳን ታያለሽ። ውሃ ሲለቀቅ ብድግ የሚለው፣ ከዚያ ተመልሶ ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ ነው። ውሃው ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ አድርጊበትና ክደኚው። ለ10 ደቂቃ ማንም እንዳይለቀው። ከዚያ መቀመጫው ውስጥ ያለውን ውሃ እዪ። ቀለሙ እዚያ ከደረሰ ጎማው አርጅቷል፣ ወይም ሰንሰለቱ ተጠላልፎ በደንብ አላስገጥም ብሏል። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ቀን ከሌሊት እየፈሰሰ ነው። ክፉኛ የሚያፈስ አንድ ሽንት ቤት በቀን 750 ሊትር ገደማ ሊያባክን ይችላል። አንቺ በሻወር በወር የምታተርፊው ውሃ እዚያ በጥቂት ቀን ያልቃል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧም አለ። ሥሩ ጠርሙስ አስቀምጪና 10 ደቂቃ ያዢ። 100 ሚሊ ሊትር ከተጠራቀመ በቀን 14 ሊትር ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፤ በዓመት ከ5,000 ሊትር ያልፋል። ይህን ጻፊው። «ውሃ እየባከነ ነው፣ መፍትሔ ይሰጠን» የሚል ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። «ሁለተኛ ፎቅ፣ ከበሩ ሦስተኛው ቧንቧ፣ በ10 ደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር» የሚል ከነፎቶውና ከነቀኑ ሲመጣ ግን ለጥገና ሠራተኛው የሥራ ትዕዛዝ ሆኖለታል። መልስ ካልመጣ በሳምንቱ ያንኑ ይዘሽ ሂጂ። በትሕትና፣ ግን ሂጂ። አንዱን ካስጠገንሽ በኋላ ሌላውን ለመጠየቅ ፊት ይኖርሻል፦ ማታ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚያድረውን መብራት፣ ላይብረሪው ፕሪንተር ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ እንዲያትም ተደርጎ እንዲስተካከል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪ ጥሎት የሚሄደው ፍራሽ፣ ባልዲና መጽሐፍ ለሚቀጥለው ባች እንዲቆይ የሚያስችል አንድ ክፍል። እነዚህ የአንድ ጊዜ ውሳኔ ናቸው። አንዴ ከተወሰኑ ማንንም መጨቅጨቅ አይጠይቁም።

ስለ ሦስቱ ቅርጫት፦ ሐሳቡን አሁን አታቅርቢ። መጀመሪያ ቆሻሻውን ተከተዪው። ጠዋት የሚያነሱትን ሠራተኞች ሰላም በያቸውና ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂያቸው። ወረቀቱን የሚገዛ አለ? ጠርሙሱን የሚወስድ አለ? ከሌለ ሦስቱም ቅርጫት አንድ መኪና ላይ ይገለበጣል። ተማሪው ያንን አንድ ቀን ካየ ዳግመኛ አይለይም፤ አይፈረድበትምም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እንዳለው በዓለም ላይ ከሚወጣው የፕላስቲክ ቆሻሻ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው 9 በመቶው ብቻ ነው። ዕቃው ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ከነቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት ይነግርሻል እንጂ «እኔን የሚቀበል አለ» ማለት አይደለም። በተለምዶ ተቀባይ የሚያገኙት 1 እና 2 ቁጥሮች ናቸው። ወስዶ የሚጠቀምበት ሰው የተገኘለት አንድ ነገር ካለ፣ ለሱ ብቻ አንድ ቅርጫት ይቀመጥ። ከሦስት የይስሙላ ቅርጫት ይበልጣል።

ለውጥ ያመጣል ወይ ላልሽው፣ እንደ ነገሩ ነው። ቻርጀሩ አያመጣም። የምግቡ፣ የሙቅ ውሃውና የስልኩ ነገር ያመጣል፤ ለራስሽ ኪስም ይተርፋል። የግቢው ውሳኔ ደግሞ በሺህ ሰው ይባዛል። ግን የሕንጻውን ቧንቧ የዘረጋሽው አንቺ አይደለሽም፤ ኤሌክትሪኩ ከምን እንደሚመነጭ የወሰንሽውም አንቺ አይደለሽም። ስለዚህ አንድ ቀን ፌስታል ስለያዝሽ ኃጢአት እንደሠራ ሰው አትብሰልሰዪ። ለዚህ ሴሚስተር አንድ ሥራ ያዢ፤ እኔን ብትሰሚኝ ሽንት ቤቱን። ሌላውን ለጊዜው ተዪው።

የቀርከሃ ብሩሹ ጥሩ ነው፣ ተጠቀሚበት። ሲያረጅ ግን ከነፀጉሩ ኮምፖስት (ብስባሽ ማዳበሪያ) ውስጥ አትጣዪው፤ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ናይለን ነው። በፒንሳ ንቀዪውና እሱን ለብቻው ጣዪው፤ እንጨቱ ይበሰብሳል። ቀድሞ የነበረሽን የፕላስቲክ ብሩሽ ካልጣልሽው ደግሞ የቧንቧውን ዙሪያ ለመፈግፈግ እሱን የሚስተካከል የለም።